ታፍ የተባሉት አከራዬ

እህት ዓለም፣

ትናንት በእንግሊዝኛዬ ጉድ ሆንኩልሽ። አከራዬ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልብስ እየሰፉ ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ምሳ ጋብዘውኝ ይህንኑ ሲያጫውቱኝ ጥንካሬያቸውን ላደንቅ ፈለግኩ። ሥጋ ጎርሼ ስለነበር ግን ጠንካራ ለማለት «ታፍ» ከምትል ቃል በቀር አልወጣኝም።

ሴትዮዋ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «ጅማት ሆነብሽ እንዴ?» አሉኝ። ለካ ይቺ ጉደኛ ቃል ሰውን ታሞግሳለች፣ ሥጋን ግን ትሰድባለች።

እኔ ስንተባተብ፣ አብረውን ምሳ ይበሉ የነበሩት የቀድሞ አስተማሪ ወንድማቸው ደረሱልኝ። «ጥንት ታፍ የሚባለው የሚለመጥ እንጂ የማይሰበር ነገር ነበር፤ አንቺን ማለቷ ነው» አሏቸው። የአከራዬ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ «እንግዲያው ድገሚ» ብለው ትልቁን ቁራጭ ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ። እውነቱን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ሥጋውም ታፍ ነበር፤ መንጋጋዬን ዛሬም ያመኛል።

አንቺ ደግሞ እግርሽ ተሰብሮ ክራንች አልይዝም አልሽ አሉ። ይሄ እልህ እንጂ ታፍነት አይደለም። ለመጥ በይና እናትሽን ተደገፊ፤ እሳቸውንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የምጽፍበት ካርድ ሞላ፤ ስመጣ በሩን የምትከፍቺልኝ አንቺው እንድትሆኚ።