በመጨረሻ የሚጠየቅ ሰው

ትሱባሜ፣ ጃፓን፣ የካቲት 12 ቀን፣ ከቁርስ በኋላ

ሳዮዬ፣ የኔ ልጅ፣

የላክሽው ሰርዲን ደረሰኝ። አንቺ ልጅ፣ ዓሣ በልታ ላደገች እናት ከሊዝበን ድረስ ዓሣ ይላካል? ቢሆንም ጥርግ አድርጌ በልቼዋለሁ፤ ቆርቆሮውም ያምራል፣ መርፌና ክር አስቀምጬበታለሁ። የጠገንሽውን የግድግዳ ሸክላ ፎቶም አየሁት። ክንፉ የተሰበረውን ወፍ ሠርተሽው የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የጥንቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መነጽሬን አድርጌ ነው ያየሁት፤ ስለዚህ ሙገሳዬን በደንብ ያዢው።

እኔ ደህና ነኝ። ይቺ ሳል ናት አልለቅ ያለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ዋኩይ የሚባል የፋብሪካችን ሰው በመኪናው ኒጋታ ሐኪም ቤት ያደርሰኛል፤ ለትንሽ ነገር ነው፣ አታስቢ። በረዶው ዘንድሮ እስከ መስኮቱ ደርሷል።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስለ ሳሌ ላወራ ግን አይደለም። ሰሞኑን ከፋብሪካው ይደወልልሻል። ከነሱ በፊት ከኔ እንድትሰሚው ፈልጌ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ፣ እኔ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ቢሮው በሙሉ ጸጥ ይላል።

የፋብሪካችንን አሠራር መቼም አትረሺውም። አንድ ጉዳይ ለስብሰባ ከመቅረቡ በፊት ጉዳዩን የያዘው ሰው በየጠረጴዛው ይዞራል። አንዱን ሻይ ላይ፣ ሌላውን ማሽን ሥር ቆሞ እያዋራ አንድ በአንድ ያስማማል። ስብሰባው የሚጠራው ሁሉም እሺ ካለ በኋላ ነው፤ እዚያ ደርሶ በእሺታ ራስን መነቅነቅ ብቻ ነው የቀረው። ነገሩ የሚመለከተው ሰው ደግሞ በመጨረሻ ነው የሚጠየቀው። እሱ ጋ ሲደረስ ሌላው ሁሉ ተስማምቶ ስላለቀ፣ እምቢ የሚልበት አፍ አይኖረውም።

አባትሽ አርፎ ሥራውን ስረከብ ይሄን ልማድ ነቅዬ እጥላለሁ ብዬ ነበር። የድስት ክዳንና ጭልፋ የሚሠራ ፋብሪካ መምራት ቤት ከማስተዳደር በምን ይበልጣል? ሰው በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ ያሰበውን ይናገር፣ አልኩ። ለዚሁ ብዬ ነው ዋኩይን ከናጎያ ያመጣሁት። የመኪና ዕቃ ከሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ የመጣ ሰው ነው፤ ሥራው የድርጅትን አሠራር ማሻሻል ነው፤ ሲናገር ፈጣን፣ ሲስቅ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚስቅ። ሠራተኛው ሁሉ አፉን ይዞ ነበር የሚያየው።

ታዲያ ምን ይሆናል? ዋኩይ አንድ ነገር ያቀርባል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ስብሰባው ግን አይጠራም። ዛሬ ነገ ሲሉኝ አንድ ቀን ኮሱጊን ያዝኩት። የፋብሪካው ዋና ፎርማን፣ ልጅ ሳለሽ ትከሻው ላይ ያዞርሽ የነበረው ያ ኮሱጊ።

"ሁሉም እሺ ካሉ ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"አንድ ሰው ቀርቷል፣ እመቤት።"

"ማን?"

ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አየ፣ ወደ አባትሽ ክፍል። ልብ በይልኝ፣ ፋብሪካውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን "እመቤት" ነው የምባለው። "አለቃ" የሚባለው እሱ ብቻ ነው።

ሳቄ መጣ፤ አልሳቅኩም እንጂ። በኋላ ስከታተለው ኮሱጊ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለባዶው ወንበር ይናገራል። ይጠብቃል። ከዚያ እጅ ነስቶ ይመለሳል። አባትሽ በሕይወቱ እምቢ ብሎ አያውቅም ነበር፤ አየር በጥርሱ መሃል ሳብ ያደርግና "ይከብዳል" ይላል፤ በቃ፣ ጉዳዩ ሞተ ማለት ነው። ኮሱጊም ከዚያ ክፍል ሲመለስ ያንኑ ያደርጋል። አሳሳቡ ራሱ የአባትሽ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ከሆነ የምሰማው ዛሬም እደነግጣለሁ።

ዋኩይ ይሄን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀይ ካርድ የሚሉት ነገር አለው። የማያስፈልግ በሚመስል ዕቃ ላይ ይንጠለጠላል፣ የዕቃው ስም ይጻፍበታል፤ ወር ሙሉ "የኔ ነው" ባይ ከጠፋ ዕቃው ይጣላል። ጥሩ አሠራር ነው፣ መጋዘኑን ያጸዳልን በሱ ነው። አንዱንም ካርድ ወስዶ የአባትሽ ወንበር ላይ ሰቀለው።

"ባለቤቱን ጠይቀሃል?" አለው ኮሱጊ።

"ሽማግሌው፣ ባለቤቱማ አረፉ እኮ።"

"ማረፋቸውን አውቃለሁ። ጠይቀሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

በማግሥቱ ስንገባ ካርዱ ዋኩይ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። የዕቃው ስም በሚጻፍበት ቦታ "ዋኩይ" ተብሏል። "ቀልደኞች ናችሁ" ብሎ ሳቀና አንስቶ ሲያየው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጽሑፉ የራሱ ነው። እኔም አየሁት፤ ያቺን አንገቷን የምትሰብር አጻጻፉን የትም አውቃታለሁ። አልጻፍኩም አለ፤ ማንም ጻፍኩ አላለም። ካርዱንም ከዚያ በኋላ የት እንዳደረሰው እንጃ።

ከዚያ የመደብሮቹ ትእዛዝ መጣ። በየከተማው ሱቅ ያለው አንድ ድርጅት የዓመት ክዳን በሙሉ ከኛ ልግዛ አለ። ሁላችንም ፈነደቅን፣ እኔ ራሴ ለደስታው ሳኬ ቀድቼ አጠጥቻለሁ። ኮሱጊ ወደ ክፍሉ ሄዶ ሲመለስ አየሩን ሳብ አደረገና "ይከብዳል ይላሉ" አለ። እንደ እብድ ጮህኩበት። ሠራተኛው አቀርቅሮ ሰማኝ፤ ትእዛዙን ግን የሚያንቀሳቅስ እጅ ጠፋ፣ ቀኑም አለፈ። በመከር ወራት ያ ድርጅት ከሰረ። ትእዛዙን የተቀበለው የጎረቤታችን ፋብሪካ አብሮት ተዘጋ፤ በሩ ላይ አሁን በረዶ ተከምሯል።

ከዚያ ወዲህማ ምን ልበልሽ። ሥራው እንዲህ ሰምሮ አያውቅም። ጭቅጭቅ የለ፣ የሚበላሽ ዕቃ የለ፣ የሚያኮርፍ የለ። የባንኩ ሰውዬ መጥቶ "እመቤት፣ ይሄን አመራር ለሌሎቹም ያስተምሩልን" አለኝ። ምን ብዬ ላስተምር? አንድ ጠዋት ደግሞ ዋኩይን ራሱን ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ምን እያደረግክ ነው?" ስለው፣

"ብጠይቃቸው አይሻልም ብዬ ነው" አለኝ። ጮክ ብሎ መሳቅም ትቷል። ፈራሁ ሳዮ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን በጣም ፈራሁ።

እና አሁን ወዳንቺ ልመጣ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። እኔ ምንም የሰማሁት ጉዳይ የለም፤ ሻዩን እያማሰልኩ ተቀመጥኩ። ኮሱጊ ተነሳና በአክብሮት አጠራር "ሳዮ ሳን መጥተው አለቃ ይሆናሉ" አለ። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ለካ ወራት ሙሉ ሲዞሩ ኖረዋል። አክስቶችሽን ጠይቀዋል፣ የቤተ መቅደሱን መነኩሴ ጠይቀዋል፣ አብረውሽ የተማሩትን ሳይቀር ጠይቀዋል። ሁሉም ተስማምቷል።

"አለቃም ተስማምተዋል" አለ ኮሱጊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የቀሩት እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ ቀጥሎ ሳዮ ሳን።"

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ሄድኩ፤ አባትሽ ካረፈ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ቀን ነው፣ ፀሐይ በረዶው ላይ አርፋ ክፍሉን በብርሃን ሞልታዋለች። ምድጃው ከሱ ሞት ወዲህ አልተለኮሰም፤ ትንፋሼ ይታየኛል። የወንበሩን ትራስ ስነካው ሞቀኝ። ፀሐይዋ ናት አልኩ፤ ፀሐይዋ ግን ግድግዳው ላይ ነበረች።

ልለው የመጣሁትን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። "ልጄን ተውልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ውሰድ" ልለው ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"መቼ ትመጣለች?" አልኩት።

የገዛ ድምፄ ነው፣ ደስ ብሎታል። ራሴንም እየነቀነቅኩ ኖሯል፣ እንደነሱ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ክፉ ነገር አልነበረም፣ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

በማግሥቱ ማንም ጋ ሳልዞር፣ ማንንም ሳላማክር፣ በስብሰባው መሃል ቆሜ "እኔ አልተስማማሁም፤ ልጄ አትመጣም" አልኩ። በዚያ ቤት እንዲህ የተናገረ ሰው አይታወቅም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ኮሱጊ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

"ገብቶናል፣ እመቤት። እንጠብቃለን።"

"ምኑን ነው የምትጠብቁት?"

ዋኩይ ሳሌን ሰምቶ ሙቅ ውሃ አመጣልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ደግነት አይቼ አላውቅም። ኮቴን ያለብሱኛል፣ ደረጃ ላይ ይደግፉኛል፣ ብቻ ሐሙስ ከሐኪም ስመለስ ምን አለ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚያውቁት ይመስል። ትናንት በክፍሉ በር ሳልፍ ከአባትሽ ወንበር ጎን ሌላ ወንበር አየሁ። አዲስ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ ለኔ ቁመት የሚሆን። የማነው ስል "ለእንግዳ ነው" አሉኝ።

ሳዮዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ስሚኝ። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ጠዋት ስነሳ በሩ ላይ ጫማሽን የማይ ይመስለኛል። ትራሱ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ አባትሽ እዚያ ይኑር አይኑር፣ የማውቀው ነገር የለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ግን የራሴን ምኞት ነው፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። ካንድም ሁለቴ ልጠራሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። አትምጪ። እዚያው ወፎችሽን ጠግኚ።

እነሱ ቢደውሉ በትሕትና ስሚያቸውና "አይሆንም" በያቸው፤ "ይከብዳል" አትበዪ፣ "አስብበታለሁ" አትበዪ። "እናትሽ ተስማምታለች" ቢሉሽ አልተስማማሁም። ድምፄን የሚመስል ድምፅ በስልክ "ነይ" ቢልሽ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ይህችን የጻፍኩልሽ ነኝ።

ሌላ ደግሞ አለ፣ እሱን ለመጻፍ ነው እስካሁን የዞርኩት። የኔ ነገር ሆኖ አንድ ቀን ቢደውሉልሽ፣ ያን ቀንም አትምጪ። ዕጣን አጭሺልኝ፣ ባሕሩ ዳር ወጥተሽ አልቅሺልኝ፣ ይበቃኛል። ያን ቀን ሁሉም ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ሁሉም ተስማምቶ ያልቃል፤ እኔም ጭምር፣ በዚያች አዲስ ወንበር ሆኜ። የምትቀሪው አንቺ ብቻ ነሽ።

ሌላዋ እናት ልጇን የአባትሽ መንፈስ ይጠብቅሽ ብላ ትመርቃለች። እኔ አባትሽም እኔም እንርሳሽ ብዬ እመርቅሻለሁ። እጅሽ አይድከም፣ እንጀራሽ ከደጅሽ አይራቅ፣ የሚያስቅሽ ሰው አይጥፋ። ሙቅ ልበሺ።

የምትወድሽ እናትሽ
ኪኑዮ