የኔታ ገብረ መስቀል በካሚዮኑ ዳር

ወልድያ፣ ታኅሣሥ 1977

ወንድሜ ዘውገ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ያየሁት ግን ደህና አይደለም።

ከላሊበላ ሰፋሪዎችን የጫነ ካሚዮን በጤና ረዳትነት አጅቤ ነበር። ከተጫኑት አንዱ እንግዳው የሚባል የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ ነው። በረሃቡ ለተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ስለጠፋ ጓደኞቹ ቀድመው ተበትነዋል። ልንነሳ ስንል መምህሩ የኔታ ገብረ መስቀል ከአሸተን ማርያም በምርኩዝ ወርደው መጡ። ሊሰናበቱት መስሎኝ ነበር።

«ያላስጨረስኩህ አለ፤ በል ተቀበል» አሉት። «ከዘጠኙ ቅዱሳን ዘመን ጀምሮ አንዱ ላንዱ በቃል ሲያቀብለው የመጣ ነው፤ በእኔ እንዳይቀር።»

እሳቸው ከታች ይናገራሉ፤ እሱ ከላይ ይደግማል። አንተ አሰላ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢቀደድብህ ከግምጃ ቤት ሌላ ታወጣለህ። የኔታ ግን ከእንግዳው ሌላ አልቀራቸውም።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። የኔታ እየተንገዳገዱ ተከተሉን። «አንድም» ብለው ሌላውን ፍች ሲጀምሩ ድምፃቸውን ሞተሩ ዋጠው።

«አልሰማሁም የኔታ! ይድገሙልኝ!» ብሎ እንግዳው ጮኸ።

አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየን፤ ከዚያ አቧራው ሸፈናቸው።

«ጌታው፣ እርስዎ ሰምተዋል?» አለኝ። እኔም አልሰማሁም። ወልድያ እስክንገባ የተቀበለውን ሲደጋግም ዋለ። የተቋረጠበት ቦታ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ቦታ አለቀብኝ። ወይንሸትን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። እናታችንን «ደህና ነው» በላት፤ ይህችን ካርድ ግን አታንብብላት።

ወንድምህ ውባንተ