ልቅሶ የገባበት ኤግዚቢሽን

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 10 ሰ.

ምስማር አለቀ፤ ፎቶ ግን አላለቀም። ሟቾቹ ከግድግዳው በዝተዋል። በቀይ ሽብር ያለቁ የጎንደር ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ለመታወቂያ የተነሡትን ፎቶ ነው ያስጎላነው። ስለዚህ ሁሉም ፊቱን አኮሳትሮ ሥራ ሊቀጠር የመጣ ይመስላል። ታላቅ ወንድሜ ከድርም መሀላቸው አለ። የተዋሰው ኮት ሰፍቶት፣ ትከሻው የሌላ ሰው ነው።

ኃላፊዬ የመሥሪያ ቤታችንን አዳራሽ ለሁለት ቀን ብቻ ፈቅዷል፤ ሐሙስ የሥራ አመራር ሥልጠና ይገባበታል። በሩ ላይ «ዝምታ ይጠበቅ» የሚል አስለጥፎኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ውጭ አገር ሙዚየም አይቶ መጥቷል፤ ችግሩ ያ ነው።

እማ አልመጣም ብላለች። ፎቶውን ከሣጥኗ አውጥታ የሰጠችኝ ግን ራሷ ናት። መቀመጫ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቆሞ የሚታይ ነው አልኳት።

«ቆሜማ ሠላሳ ዓመት አየሁት» አለችና ወደ ጓዳ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከምሽቱ 1 ሰ.

ሪባን ተቆረጠ። ንግግር ተደረገ፤ ረዘመ። ባለሥልጣናቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ግድግዳውን እንደ በሬ ገዢ ዞር ዞር ብለው አዩና ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከትክል ድንጋይ ከተማ መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ከፎቶ ወደ ፎቶ ቀስ እያሉ ሄደው ልጃቸው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ። ከዚያ ሙሾ ጀመሩ፤ አዳራሹ አስተጋባ።

ዘበኛው አያ ደሴ እየሮጠ መጣ። ማስታወቂያውን አሳያቸው። ማንበብ አይችሉምና አነበበላቸው።

«ምነው?» አሉት ቀና ብለው። «አሁንም ክልክል ነው?»

አያ ደሴ ማስታወቂያውን ገንጥሎ ኪሱ ከተተው። እኔ አላየሁም።

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ልንገርህ። ደርግ ልጆቹን ገድሎ ማልቀስንም ከልክሎ ነበር። ድንኳን የለም፣ ሙሾ የለም፤ ያለቀሰች እናት ራሷ ትጠየቅ ነበር። እማ ከድር በተገደለ ማግሥት ሱቋን ከፍታ ጨርቅ ስትለካ ዋለች። ያን ቀን ብዙ ሰው ጨርቅ ሊገዛ መጣ፤ ዋጋ የተከራከረ ግን አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4። ከቀኑ 11 ሰ.

ምንጣፍ ገብቷል፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ንፍሮ ገብቷል። እናቶቹ በየልጆቻቸው ፎቶ ሥር ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፣ ይቀመጣል። ፎቶግራፍ እልቂትን እንዴት እንደሚያስታውስ የሚተነትን ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ስለ ንፍሮ አንድም ቃል የለውም።

ኃላፊዬ ደወለ። ይኼ ኤግዚቢሽን ነው ወይስ ልቅሶ ቤት? ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት። አልሳቀም። ከበላይ ምን ሊባል እንደሚችል እያሰበ ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል። ነገ ጠዋት አዳራሹን ባዶ ይፈልገዋል።

እቤት ገብቼ ለእማ ነገርኳት። ጠየቀችኝ፦

«ስንተኛ ቀናቸው ነው?»

ነገ ሦስተኛቸው ነው አልኳት። ተነሥታ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ረፋድ

እማ ቀድማኝ ደርሳለች። ከከድር ሥር፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጎን ተቀምጣለች። አታለቅስም። ከንፈሯ ብቻ ዱዓ ያደርጋል። እትዬ ጥሩወርቅ የእርስዎ የትኛው ነው አሏት። በአገጯ አሳየቻቸው።

«ሸጋ ልጅ!»

«ኮቱ የሰው ነው» አለች እማ።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እማ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ኃላፊዬ ሠልጣኞቹን አስከትሎ መጣ። አስወጣቸው አለኝ። አንተ ንገራቸው አልኩት። ገባ። ጉሮሮውን ጠረገ። እናቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩት። እንግዲህ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አፉ ሌላ ሊል አልቻለም።

«እግዜር ያጥናችሁ።» ወደ እማ ዞሮ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እናቴ።»

ይህን ብሎ መሄድ አይቻልም። ተቀመጠ። ንፍሮ ዘገኑለት። ሠልጣኞቹም ቦርሳቸውን ታቅፈው ከኋላው ተቀመጡ። የሥራ አመራር ሥልጠናው በዚህ መልክ ተከፈተ።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ሦስት ቀን የሞላቸው እናቶች ፎቶዎቹን ስመው ተነሡ። እትዬ ጥሩወርቅ እማንም ክንዷን ይዘው ሊያነሷት ሞከሩ። እንቢ አለች።

«እናንተ ጨረሳችሁ። እኔ ገና አንድ ቀኔ ነው።»

ኃላፊዬ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ከዛሬ በላይ አዳራሹን ማቆየት አይችልም፤ እውነቱን ነው። ከድርን ከምስማሩ አወረድኩት። እማ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ወጣ ብዬ ለዕድራችን ዳኛ ደወልኩ። ድንኳን እፈልጋለሁ አልኩት።

«አላህ! ማን ሞተ?»

ከድር አልኩት። በልጅነታቸው አብረው ኳስ ይጫወቱ ነበር። ድንኳኑ ጠዋት ስንት ሰዓት እንዲመጣ ጠየቀኝ።

ተመልሼ ለኃላፊዬ ነገርኩት። ልቅሶው እስኪነሣ ሥራ አልገባም፤ ወንድሜ ሞቶብኛል።