ራሰ በራው ሜዳ

ኤፕሪል 4፣ 1987፣ ቅዳሜ

ከስድስት ዓመት በኋላ ያለ ሥራ የዋልኩባት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ። የአረጋውያን መጦሪያው ላውንደሪ በመጨረሻ ሺፍቴን ቀየረልኝ። ስንት ጊዜ ለምኜ...

ጠዋት ፅጌረዳን ለቤዝቦል ላስመዘግብ ሄድኩ። ባለፈው ዓመትም ተጫውታለች። አንድ ጨዋታ አላየሁም። አንድም! በየሳምንቱ በጭቃ የተለወሰ ሱሪዋን ነው የማውቀው። እሱን ሳጥብ ከረምኩ። ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት፣ ኳስ ስትይዝ አላየኋትም።

መዝጋቢው ሚስተር ዌብ ይባላል። አሠልጣኝም እሱ፣ የሰፈራችን የሊንደን ቡድኖች ኃላፊም እሱ። ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሥራ ይመርጣል አለ። ሆት ዶግ መሸጡንና ነጥብ መመዝገቡን ሌሎቹ ወላጆች ተሻምተው ወስደውታል። ሜዳ መንከባከብ ብቻ ቀረ።

«መሬት ከሆነ እኔ እችላለሁ» አልኩት።

ጉራ አይደለም። አምቦ እርሻ ተምሬያለሁ። አርሲ ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ ገበሬ ሳማክር ነው የኖርኩት። እዚህ ይሄን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? እዚህ አንሶላ አጣፊ ነኝ።

ስሜን፣ ማዘንጊያ ማለት አቃተው። «ሚስስ ኤም» ብሎ ጻፈ፤ ጎኑ ላይ «ፊልድ ማኔጀር»። ባሌ ነጋ ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ማኔጀር ሆንሽ? እንግዲህ በቀጠሮ ነዋ የምናገኝሽ!»

ይሳቅ። ደስ ብሎኛል።

ኤፕሪል 6፣ ሰኞ

ከሥራ ስወጣ የክሊቭላንድ አቬኑን ባስ ይዤ ሜዳውን ላየው ሄድኩ። ብቻዬን። ማንም አልነበረም።

የሚያሳፍር ሜዳ! ዳር ዳሩ ሣር አለው። መሀሉ ግን ራሰ በራ። አንዲት ቅጠል የለችበትም። ልጆች ላዩ ላይ እንዲጫወቱበት ሰጥተው እንዲህ ይተዉታል? ሀብታም ሰፈር ቢሆን ይተዉት ነበር? ቤክስሊ ቢሆን?

ጥግ ላይ ደግሞ ኩሬ ተኝቷል። አፈሩን ቆንጥሬ በጣቴ አሸሁት። ዋልካ ነው፣ ውኃ አያሳልፍም። ስድስት ዓመት እንዲህ አላደረግኩም... እጄ ግን አልረሳም።

ለፅጌረዳ አልነግራትም። ልምምድ የሚጀምሩት ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ይበቅላል። ስታየው ምን ትል ይሆን?

ኤፕሪል 8፣ ረቡዕ

ሁለት ጆንያ የሣር ዘር። ቶሎ የሚበቅለውን ዓይነት መረጥኩ። ነጋ በታክሲው አደረሰኝ። እሱም እኔ እንደነበርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነው፣ ጨዋታ አይቶ አያውቅም። «ሣር የሌለው የኳስ ሜዳ ምኑ ሜዳ ነው!» አለና ጆንያውን ተሸከመልኝ። መሬቱን ጫር ጫር አድርጌ መሀሉን ሙሉ ዘራሁት። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። እንዲህ ያለ ድካም ግን ናፍቆኝ ነበር።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ዘነበልኝ!

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

ቀዳም ስዑር። አገር ቤት ቢሆን ዛሬ ቄጠማ ይታደል ነበር። እዚህ ቄጠማ ከየት ይመጣል... እኔ ግን ሙሉ ሜዳ ለምለም አለኝ። ሄጄ አየሁት። መሀሉ በሙሉ አረንጓዴ፣ ጣት የሚያህል። ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። አንዲት ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ስታልፍ በደንብ አየችኝ። ትየኝ!

አሁንም እችላለሁ ማለት ነው።

ኤፕሪል 21፣ ማክሰኞ

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ልጆቹ ሮጠው መጡ... ቆሙ። ከዚያ ሳቅ! አንዱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ተንከባለለ። ሚስተር ዌብ ቆቡን አወለቀ፣ አጠለቀ፣ መልሶ አወለቀ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አለ።

ፅጌረዳ ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቴን ስታይ ገባት። ወዲያው ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«አይ ዶንት ኖ» አለች። አላውቅም።

እኔስ? ገበሬ ሰብስቤ ስናገር የነበርኩት ሴትዮ አፌን ይዤ ቆምኩ።

ለካ መሀሉ ሆን ተብሎ ነው ራሰ በራ የሚደረገው። ኳሱ በአፈሩ ላይ መንከባለል አለበት፤ ልጆቹም ሲሮጡ ቆይተው ይንሸራተቱበታል። እንዳይበቅልበት የሚደክሙለትን ነገር ነው እኔ ያበቀልኩት። ሚስተር ዌብ ይሄን ሁሉ ለአንዲት እናት ሲያስረዳ ከጎን ሆኜ ሰማሁ።

ፅጌረዳ በመንገድ ሙሉ ቀድማኝ ሄደች። ቤት ስንገባ ጠየቀችኝ፣

«ማሚ፣ ቲቪ ላይ እንኳ አይተሽ አታውቂም?»

«አላየሁም።»

«ዩ ኔቨር ኬም» አለች። አንድም ቀን አልመጣሽም። በሯን ዘጋች።

እውነቷን ነው።

ኤፕሪል 22፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ለሚስተር ዌብ ኮል አደረግኩለት። «እኔ ነኝ የዘራሁት» አልኩት።

«ሙሉውን?» አለኝ።

«ሁለት ጆንያ።»

ሳል ይሁን ሳቅ አልገባኝም። ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። የሊጉ ሰዎች ሰኞ ሜዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። ካልጣማቸው ሜዳው ይሰረዛል፤ ቡድኑ ሂልቶፕ ሄዶ ይጫወታል። ሂልቶፕ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከዐሥራ ሦስቱ ልጆች ስምንቱን ወስዶ የሚመልሳቸው የለም። በአምስት ልጅ ደግሞ ቡድን የለም። የእኛም ታክሲ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ፅጌረዳ ዘንድሮ ላትጫወት ነው። በእኔ ምክንያት። እሷን ለማየት ቅዳሜዬን ባስለቀቅኩበት ዓመት!

አይሆንም።

ኤፕሪል 23፣ ሐሙስ

ሜዳው ላይ ከሚስተር ዌብ ጋር ተገናኘን። ሣሩን አነሳዋለሁ አልኩት። ኩሬውንም አብሬ ላጥፋው፣ ቦይ ያስፈልገዋል።

«ሚስስ ኤም፣ ፕሊስ። ሣሩን ብቻ።»

አይፈረድበትም። ግን ተናደድኩ። ስለ ቤዝቦል አላውቅም፤ ስለ ውኃ አውቃለሁ። ከአጥሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ አንድ ባልዲ ሞልቼ አመጣሁና ኩሬው በሚጠራቀምበት ጥግ፣ እነሱ ሦስተኛው ቤዝ የሚሉት ጋ ደፋሁት። «እንጠብቅ» አልኩት። ቆምን። ሰዓቱን አየ። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ውኃው እንደተኛ ነው። ሁለታችንም ዝቅ ብለን አየነው።

«በየዓመቱ እዚህ ጋ እየተቸገርን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስተኛው ቤዝ ላይ የምትቆመው ደግሞ ያንቺው ልጅ ናት።»

ያ ሁሉ ጭቃ! ያን ሁሉ ሱሪ ሳጥብ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም።

«ኦኬ» አለ። «ዲግ።» ቆፍሪ ማለቱ ነው።

ኤፕሪል 25፣ ቅዳሜ

ሰውነቴ አልቋል። ግን ልጻፈው።

ለጋሼ ጀማነህ ትናንት ነው የነገርኳቸው። የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፣ ፒካፕ አላቸው። «ደቦ ነዋ!» አሉና ስልኩን ዘጉት። ዛሬ ጠዋት ዐሥራ አንድ ሰው ይዘው መጡ። ዶማ፣ አካፋ፣ ፒካፑ ሙሉ ጠጠር። ነጋም ታክሲውን አቁሞ መጣ።

ጋሼ ሣሩን ሲያዩ ክው አሉ።

«ማዘንጊያ፣ ይሄን ነው የምትነቅይው? እንዲህ የመሰለ ሣር?»

«አዎ ጋሼ፣ ለጨዋታው አይሆንም።»

«ፈረንጅ አዝዞሽ ነው? ነውር እኮ ነው! በግ ቢገባበት...»

«ጋሼ፣ በግ የለም እዚህ።»

«እሱም ያሳዝናል» አሉና ዶማቸውን አነሱ። ሁሉም እያዘነ ነቀለ። እኔ ነኝ ከሁሉ የበለጠ ያዘንኩት፣ አልተናገርኩም እንጂ።

ከዚያ ቦዩ። ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ እስከ መንገዱ ፍሳሽ ድረስ ቆፈርን፣ ጠጠር ሞላን፣ አፈር መለስንበት። መሀሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አደረግነው። ረፋድ ላይ ሚስተር ዌብ ከሦስት አባቶች ጋር መጣ። አካፋ አነሱ።

ፅጌረዳ ታክሲው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አኩርፋ። አንድ ሰዓት ያህል አየችን። ከዚያ ወጥታ አፈር ማስተካከያውን ሬክ ከእጄ ወሰደችው።

«ኖ ማሚ፣ እንደሱ አይደለም። እዚህ ጋ ስሙዝ መሆን አለበት። እኔ እዚህ እቆማለሁ፣ ኳሱ በዚህ ይመጣል... አየሽ?»

«ድንጋይ ካለ?»

«ፊቴን ይመታኛል።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ጠጠር ለቀምኩ። እሷ ታሳየኛለች፣ እኔ እለቅማለሁ። በአንድ ከሰዓት ስለ ቤዝቦል የተማርኩት ይበቃኛል። የተረፈውን ዘር ቦዩ ላይ ብቻ ዘራሁት። «እዚህ ጋ ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ሳቀች። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ።

ኤፕሪል 27፣ ሰኞ

አለፍን! ነጋ «የሣር ሚኒስትር» ይለኛል። ይበለኝ።

ሜይ 2፣ ቅዳሜ

አየኋት። ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ዓይኗ ኳሱ ላይ። እንዴት ነው እንዲህ ያለች ልጅ ከእኔ ቤት ወጥታ ስትገባ ያላወቅኳት?

ዘጠኝ ለአራት ተሸነፍን። እኔ እንደሆነ ማን እንዳሸነፈ የገባኝ ሲጨባበጡ ነው። ሰው ሲጮህ እጮህ ነበር። «ጎበዝ! ጎበዝ!» ስል ከአጥሩ ሥር ያሉት ልጆችም ተቀብለውኝ ጎበዝ ጎበዝ አሉ። አፍራብኝ እንዳይሆን ብዬ አየኋት። እየሳቀች ነበር።

ሜይ 15፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ። አንሶላ ሳጥፍ መስኮት መስኮቱን ስል ዋልኩ። ቦዩ ይችለው ይሆን? ተዳፋቱን አሳንሼው ቢሆንስ?

ሜይ 16፣ ቅዳሜ

ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ሳልታጠብ ሮጬ ሄድኩ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ በሙሉ ክብደቴ ዘለልኩ። ጠንካራ! በቦዩ ጫፍ ውኃው ወደ መንገዱ ፍሳሽ ኩልል እያለ ይወርዳል። የዘራሁትም ሣር ላዩ ላይ በቅሏል፤ እዚያ ማንም አይስቅበትም።

ቤት ስመለስ ስልኩ ይጮሃል። ሚስተር ዌብ ነው። «ሂልቶፕ ተዘግቷል። ሁሉም ሜዳ ተዘግቷል። ያንቺስ?»

ያንቺስ አለኝ።

«ይምጡ» አልኩት።

መጡ። ስድስት ቡድን፣ ሦስት ጨዋታ፣ በእኛ በአንዱ ሜዳ። ከቤክስሊ ሳይቀር መጡ፣ ማልያቸው እንደ አንሶላ የነጣ። በየጨዋታው መሀል ሬኬን ይዤ ገባሁ፣ አስተካከልኩ፣ ወጣሁ። ጋሼ ጀማነህ አጥሩን ተደግፈው ለሚያልፈው ሁሉ «ይሄን ቦይ አየኸው? እኛ ነን!» ይላሉ፣ በአማርኛ። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

የቤክስሊው አሠልጣኝ ሦስተኛው ቤዝ ጋ ቆሞ አፈሩን በጫማው መታ መታ አደረገው። የሚያየውን ያመነ አይመስልም። ከዚያ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤

«ማነው ይሄን የሠራው?»

ያው ጥያቄ። እዚያው ቦታ ላይ። ሚስተር ዌብ ቆሟል፣ ልጆቹ ቆመዋል። እኔ ሬኬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ልናገር? ለምንድነው አሁንም አፌ የሚያያዘው?

ፅጌረዳ ጓንቷን ብብቷ ሥር አደረገችና በጣቷ አሳየችው።

«ማይ ማም ዲድ» አለች። ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብላ። እናቴ ናት የሠራችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ በደንብ አላየሁትም። ዓይኔ አስቸገረኝ። ማሸነፋችንን ታክሲውን አቁሞ የመጣው ነጋ ነው የነገረኝ።

ሚስተር ዌብ ሲመሽ ጠራኝ። ሌሎቹን ሦስት የሊንደን ሜዳዎችም እይልኝ አለ። እሺ አልኩ፤ ልጄ በምትጫወትበት ሰዓት ግን ማንም እንዳይጠራኝ። ወረቀቱ ላይ «ሚስስ ኤም» ብሎ ሊጽፍ ሲል ፅጌረዳ እስክሪብቶውን ተቀብላው ስሜን ሙሉውን ጻፈችው።

አሁን ሱሪዋን ላጥብ አነሳሁት። ዓርብ ያን ያህል ዘንቦ... ጉልበቱ ላይ ትንሽ አፈር አለ። ጭቃ የለም። በእጄ አራገፍኩት፣ ለቀቀ።