የፕላስቲክ አበባና የሚጢጢ ሸረሪት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ማታ ማታ የሚያብጠው እግርሽ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ አክስቴም እኔን መጨቅጨቋን ስላልተወች ጤነኛ ናት ማለት ነው። ይሄን ከሷ ሳትሰሚ ከኔ ስሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ እሷ ካወራችው አለቀልኝ።

የትንሿ እህቴ ቲቸር አዲስ ነገር አምጥታለች፤ "የተፈጥሮ ማስታወሻ" ይባላል። ልጆቹ ያዩትን ተክልና ነፍሳት ደብተር ላይ ይስላሉ፣ ከስሩ ይጽፋሉ። ደስ ይላል አይደል? ቆይ። ዩኒፎርም ይቆሽሻል ተብሎ ግቢ መውጣት ክልክል ነው! ሴትዮዋ ጠረጴዛዋ ላይ የጎለተችውን የፕላስቲክ አበባ እያሳየች "በሉ ተፈጥሮን ታዘቡ" ትላቸዋለች። ወላጆቹ ደግሞ ይብሳሉ። እኔ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መጥተው "ልጄ መስመሩን ተከትላ የምትስለው አበባ አትሚልኝ" ይሉኛል። አትሜ እሰጣቸዋለሁ፤ ምን አገባኝ።

የኛዋ ሚጢጢ ግን አበባውን ከነአቧራው፣ ቅጠሉ ስር ድር ካደራችው ሸረሪት ጋር ሳለችው። ከስሩም "ዝንብ እየጠበቀች ነው" ብላ ጻፈች። ቲቸር ሆዬ "ማነው ሸረሪት ሳዪ ያለሽ?" ብላ በጓደኞቿ ፊት በላጲስ አስጠፋቻት።

ሥራዬን ጥዬ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። "እዚህ ከልጆቹ ሌላ ነፍስ ያላት ሸረሪቷ ብቻ ናት፣ እሷንም አስጠፋሻት?" አልኳት። "ትምህርት ጥሎ የወጣ ሰው አያስተምረኝም" አለችኝ። ደሜ ፈላ፤ አበባውን ከነማስቀመጫው በመስኮት ወረወርኩት። ከዚያማ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ልጅቷ ክፍል አትገባም ተባለ።

ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጠይቅም ብዬ ነበር። ሚጢጢ ግን ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ትቆማለች። አንጀቴን በላችው። ሄጄ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ አልኩ፤ ያቺም እንደ ሙሽራ ተኮፍሳ ተቀበለችኝ። ልጅሽ ክፍሏ ገብታልሻለች።

ዛሬ ወረቀት ሰጥቻት "የፈለግሽውን ሳዪ" አልኳት። "ይፈቀዳል?" አለችኝ። ይፈቀዳል፣ የተሳሳተችው ቲቸርሽ ናት ብላት "ታዲያ ለምን ይቅርታ አልሻት?" አለችኝ። ስትደውዪ እንደሚፈቀድ አንቺ ንገሪያት፤ እኔን አላመነችኝም።

አክስቴ እየተቆጣችም ቢሆን ሰላም ብላሻለች። ባሏ ራዲዮኑን ሳይቀንስ "በይልኝ" ብሏል። ሚጢጢ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች። እዚያ ሰው አገር አብረውሽ ለሚኖሩት ሴቶች፣ በተለይ ለሳቂታዋ፣ ሰላም በይልኝ።

ቁጡዋ ልጅሽ
ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከማሽኑ ጀርባ
ግንቦት 14