ግማሹም የሰው ገመና ነው

ናይሮቢ፣ መጋቢት 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጽጌ እናት፣

እማማ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ሻል ብሎት ይሆን? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? በሐዘን ላይ ጾም ተጨምሮ እንዳይጎዱ፣ መድኃኒቱን በባዶ ሆድዎ አይዋጡት ብዬ ብለምንዎ ድፍረት አይሁንብኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልዋሽዎ በዚሁ ይለፉኝ።

በአየር መንገድ በሚሠራው በመልአኩ በኩል የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። ጽጌ በእርግጥ የሞተችው በመኪና አደጋ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ደግሞም እኔና እሷ በኮምፒውተር የተጻጻፍነው ካለ አትሜ እንድልክልዎ ለምነውኛል። ለሁለቱም ያለኝ መልስ የሚያስደስትዎ አይደለም። ዘርይሁንን ግን አይቆጡት። የእህቱን አስከሬን ሊወስድ እዚህ በመጣ ጊዜ፣ «እናቴ ልቧ ደካማ ነው፤ መኪና ነው እላታለሁ» ሲለኝ እኔም እሺ ብያለሁ። አሁን እርስዎ ራስዎ እውነቱን ስለጠየቁኝ ነው የምጽፍልዎ። እንደምጽፍ ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ስሜ አድነው ይባላል። መሃል ከተማ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ። ጽጌን ያወቅኋት ተቆጥታ ቢሯችን የመጣች ዕለት ነው። የምትሠራበት ክሊኒክ ከከተማው ዳር፣ የቆርቆሮ ቤቶች በተደጋገፉበት ሰፈር ውስጥ እንደነበር ያውቃሉ። ሐኪሙ ሁልጊዜ እዚያ ስለማይገኝ የበሽተኞቹን ፎቶና የምርመራ ውጤት በመሴንጀር ትልክለት ነበር፤ ሰዎች በኢንተርኔት እየተጻጻፉ በሚያወሩበት ማለቴ ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ የላከችለትን ውጤት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ከፍቶ ሳያጠፋው ወጣ። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው የአንዲት ሴት የኤች አይ ቪ ውጤት ከነስሟ አየ። ጎረቤቷ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ባሏ ከነልጆቿ ከቤት አስወጣት። ጽጌ የዚያችን ሴት ስም ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ቢሯችን መጥታ ሳትቀመጥ፣ «ወሬ በፍጥነት የሚሄድበትን ሠራችሁ፤ ምስጢር የሚጠበቅበትን ለማን ተዋችሁት?» አለችን። አለቃዬ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

የሠራነው እንዲህ ነው። ፋይሉ ከላኪው ኮምፒውተር ሳይወጣ ይቆለፋል። መንገድ ላይ የጠለፈው ሰው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ብቻ ነው የሚያገኘው። መክፈቻው በላኪውና በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይፈጠራል፤ ሲጨርሱም ይጠፋል። የቀረው ጥያቄ፣ ከወዲያ በኩል ያለው በእርግጥ ያ ሰው ራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነበር። ለዚያ በሁለቱም ስክሪን ላይ አራት ቃላት እንዲወጡ አደረግሁ። ተደዋውለው ሲያነቧቸው ቃላቱ አንድ ከሆኑ መሃል የገባ የለም። ለክሊኒኮቹ ቃላቱ በስዋሂሊ ናቸው፤ እኔና እሷ ስንሞክረው ግን በአማርኛ አደረግሁት። ከሥራ ስትወጣ ትደውልልኛለች። ሁለቱን እሷ ታነባለች፣ ሁለቱን እኔ። አንድ ቀን «ፍየል፣ ቄስ» አለች፤ እኔ «ጃንጥላ፣ ሽሮ» ስል በሳቅ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ፕሮግራሙ በደንብ መሥራቱን ካረጋገጥን በኋላም በዚያው እየተጻጻፍን መሞከሩን አልተውነውም።

በአንድ ነገር ግን ክፉኛ ተከራክረናል። በእነሱ ሰፈር መስመሩ በየጊዜው ይቆረጣል። እኔ፣ የደረሰው ይቀመጥ፣ መክፈቻውም ይቆይ፣ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል አልኩ። እሷ እምቢ አለች። «ግማሹም የሰው ገመና ነው» አለችኝ። ያቺን ከቤት የወጣችውን ሴት እያሰበች መሆኗን ስላወቅሁ ተረታሁላት። መስመሩ ከተቆረጠ የደረሰው ሁሉ እንዲጠፋ፣ ከመጀመሪያው እንዲላክ አድርጌ ሠራሁት።

በታኅሣሥ ከምርጫው በኋላ እዚህ የሆነውን በሬዲዮ ሰምተዋል። ያ ሰፈር ተቃጠለ። ወደ ክሊኒኩ ይመጡ የነበሩትን ሴቶች ምን እንዳገኛቸው ለእናት አልጽፍም፤ ይገባዎታል። ጽጌ እያከመቻቸው፣ ለፈቀዱላት ቁስላቸውን ፎቶ እያነሳች፣ የሚናገሩትን በድምፅ እየቀዳች አስቀመጠች። «አንድ ቀን የሚጠይቅ ይመጣል» ትል ነበር። ቀድመው የመጡት ግን ያንን ያደረጉባቸው ሰዎች ናቸው። ማን ምን ተናገረ እያሉ፣ ኮምፒውተሩን ካላየን እያሉ ይመላለሱ ጀመር።

ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ድርጅት እንዲዘጋ አዝዞ ሠራተኞቹን የሚያወጣ መኪና ላከ። የገና በዓል ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከምሳ በኋላ ደወለችልኝና፣ «ፋይሎቹን ልላክልህ፤ ከዚያ እዚህ ያለውን አጠፋዋለሁ» አለች። ኮምፒውተሩን ይዘሽው ውጪ አልኳት። መንገድ ላይ ሰው ይፈትሻሉ፣ የሴቶቹን ስም ተሸክሜ እጃቸው ላይ አልወድቅም አለችኝ። አራቱን ቃላት አነበብን። የዚያን ዕለቶቹን አልጽፍልዎም፤ ለእኔ ይቅሩልኝ።

ፋይሉ ይመጣ ይመጣና ይቆረጣል። እንደገና ከመጀመሪያው። የመኪናው ጡሩምባ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ሂጂ አልኳት፤ ጮኽኩባት፤ ለመንኳት። «የሁለት ሴቶች ቀርቷል» አለችኝ። መኪናው ሄደ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ታች ወርጄ ታክሲ ለመንኩ፤ ወደዚያ ሰፈር የሚነዳ ጠፋ። ተመልሼ ስወጣ የመጨረሻው እየገባ ነበር።

«ሁሉም ደረሰ?» አለችኝ። ደርሷል አልኳት። «እንግዲያው አጥፍቼው መውጣቴ ነው። ራት ሳልመጣ እንዳትበላ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ አብራት የቀረችው የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ፣ ማማ አቲየኖ ናት። በእግራቸው ወጡ። የባቡር ሐዲዱን ሲሻገሩ ተኩስ ተነሳ። ጥይቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ እሷን ብሎ የተኮሰም የለም። ማማ አቲየኖ ጭኗ ላይ አስተኝታ ይዛት ነበር። ብዙ አልቆየችም። ግን ብቻዋን አልነበረችም እማማ። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የተጻጻፍነውን ላክልኝ ብለውኛል። የለም። ፕሮግራሙ ንግግር አያስቀምጥም፤ እንዲያ እንዲሆን አድርገን የሠራነው እኛው ነን። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት መስመር አልተረፈችም። አንዳንድ ቀን ዝም ብዬ እከፍተዋለሁ። ከስሟ አጠገብ «የለችም» ይላል። ፕሮግራሙን ስሠራ፣ መስመር ላይ ለሌለች ሁሉ ይህ ቃል እንዲወጣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሌላ ልቀይረው ተቀምጬ ምንም አጣሁለት።

የሴቶቹ ፋይል ግን አለ። አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ባለፈው ወር ማማ አቲየኖ አንዲቱን ይዛት መጣች፤ ለጠበቃዬ ስጥልኝ አለችኝ፣ ሰጠሁላት። ሌላዋ ደግሞ አጥፋልኝ አለች። እዚያው ፊት ለፊቷ አጠፋሁት። ባዶውን ስክሪን ብዙ ስታየው ቆየችና ስትወጣ እጄን ይዛ «ፖሌ ሳና» አለችኝ። አዝናለሁ ማለት ነው። እኔ ነበርኩ እሷን እንዲህ ማለት የነበረብኝ።

የጽጌን ልብሶች አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሻንጣ አድርጌያቸዋለሁ። ግራጫዋን ሹራብ ግን፣ ካልከፋዎ፣ እዚሁ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ላቆያት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለፋሲካ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ ብላዎት እንደነበር ዘርይሁን አጫውቶኛል። ማን እንደሆነ ብትጠይቋት «ስንመጣ ታዩታላችሁ» ብላ እንደሳቀች፣ እርስዎም የጓሮውን ክፍል ኖራ አስቀብተው አዲስ ፍራሽ እንዳስገቡበት ነገረኝ። ክፍሉን እንዳይዘጉት፣ ፍራሹንም ለሰው እንዳይሰጡት እለምንዎታለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ለፋሲካ ሻንጣዋን ይዤ ኮምቦልቻ እመጣለሁ።

እስከዚያ እግዚአብሔር ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለሌሊትዎ እንቅልፍ ይስጥልኝ። እሷንም ካሳረፈበት እኛን እንዳትረሳን ያድርግልን።

ልጅዎ