አባቴን በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አዲስ ስላደረጉልን

ለተከበሩ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ደረጃው አያደክምዎትም? ይህ ደብዳቤ ወንበርዎ ለወገብዎ ተስማምቶ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ዝም በይ እየተባልሁ ስላደግሁ፣ ዝምታዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ሥራ ያጣው አባቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በመለዋወጫ ፋብሪካ፣ በቶርኖ ማሽን ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ከሥራ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ካሊፐር የሚባለው መለኪያው ግን ከኪሱ አይጠፋም ነበር፤ ዳቦ ስንቆርስ ለክቶ፣ የታናሽ ወንድሜ ድርሻ በሁለት ሚሊሜትር እንደሚበልጥ ያስታውቀናል። በእሱ ስም የማመሰግንዎት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ፋብሪካውን የዘጋው የቀድሞው ፓርቲ ነው፤ መንግሥት ብረት አይቀርጽም፣ ገበያው ይቀርጻል ብሎ ማሽኖቹን ሸጠ። የእርስዎ ፓርቲ ደግሞ መዘጋቱ ወንጀል ነበር ብሎ፣ ሪባን ቆርጦ በሩን መልሶ ከፈተልን። ሰፊና ነፋሻ አዳራሽ ነው፤ ማሽን ስለሌለው ጩኸትም የለው።

2ኛ. በቀድሞዎቹ ዘመን አባቴ የኮምፒውተር ጥገና ሠለጠነ። እናንተ ስትመጡ የእነዚያ ሥልጠና አይረባም ተባለና ንብ ማነብ ተማረ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቶቻችን እስካሁን ሰላም የሚሉን ንቦቹ ስላልመጡ ብቻ ነው።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው። በመንግሥት ድጋፍ የሚከፈት ወርክሾፕ አራት የቶርኖ ባለሙያዎች ይፈልጋል። ፓርቲዎ ባወጣው መመሪያ መሠረት ቅድሚያው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሥራ ላጡ ነው፤ ሳልቀልድ፣ ግሩም መመሪያ ነው። አባቴ ሰኞ ዕለት ጢሙን ተላጭቶ ማረጋገጫ ሊያጽፍ መጣ። ጸሐፊዎ አዲሱን መዝገብ ገልጣ፣ ሥራ ካጣ ስምንት ወሩ እንደሆነ ነገረችው። ለካስ ሥልጣን ስትይዙ የድሮው መዝገብ የእነዚያ ነው ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ሥራ አጡ ሁሉ ከዜሮ ተቆጥሯል። በዚህም ምክንያት በከተማችን ሦስት ዓመት ሥራ ያጣ አንድም ሰው የለም። ይህንን ድል በሬዲዮ ሲያበሥሩ ሰምቼ አጨብጭቤያለሁ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ገና አዲስ ነዎት" አለችው ጸሐፊዎ፣ በትሕትና። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ብቅ እንዲልም መከረችው።

እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ሳሎኔ ውስጥ የተጎለተው ሰውዬ ማን ነበር አለች። ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። ከሰኞ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም፤ ካሊፐሩንም ለወንድሜ መጫወቻ ሰጥቶታል።

ብቁ ሰው ከጠፋ አራቱን ቦታዎች ጽሕፈት ቤትዎ በራሱ ምርጫ እንደሚሞላ መመሪያው ይላል። እነማን እንደሚመረጡ ሰፈሩ ከአሁኑ ያውቃል፤ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት እንጂ ብረት መያዝ የማያውቁ ልጆች ናቸው። ማመልከቻው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ እንደማያገኝ አባቴ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁም ሳጥኑን ያስከፍቱልን። በድሮው መዝገብ አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተመዘገበው የማንም ፓርቲ አባል አይደለም፤ አባቴ ነው።

እርጅናዎን ያለ ወረፋ ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከማይለካ አክብሮት ጋር፣

የአዲሱ ሥራ ፈላጊ የመጀመሪያ ልጅ

ማስታወሻ፦ ለመምረጥ ዕድሜዬ ሊደርስ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ደግነቱ፣ ዕድሜዬን የሚመዘግበው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት አይደለም።